በቅርቡ ይመጣል የተባለው ፊልም

ጀግናችን ድሬዳዋ የገባው የሻይ ብርጭቆ ተጠቅልሎበት ነው። ሌላ መግቢያ አልነበረውም። በደርግ ጊዜ መጽሐፍ መሸጫ መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ሁሉም የሚገዛቸው፣ ማንም የማይጨርሳቸው ቀይ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ነበሩ። የእኛ ሰው ግን ከጅቡቲ በባቡር፣ በጎረቤታችን ሻንጣ ውስጥ ተጨማዶ መጣ።

ጎረቤታችን ጅቡቲ እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ነበር የሚላት፤ እኛ ዘንድ ትልልቅ ሙስሊም እናቶች የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና የአንድ ኒም ዛፍ ጥላ እንጋራ ነበር። «አንቺ» እያልናት ነው ያደግነው። ከደጋ የሚመጡ ዘመዶቻችን ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ድሬ ላይ ግን አንቱታ አይበረክትም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል መሰለኝ።

አዴ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ የሽቶ ጠርሙስ ታመጣለች። የጅቡቲ ባለሱቆች እንዳይሰበርባት እያንዳንዱን ባገኙት የመጽሔት ገጽ ጠቅልለው ይሰጧታል። ሻንጣው ሲፈታ ዕቃው የእሷ፣ ወረቀቱ የእኛ ነው። እኛ ማለቴ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜና የሰፈሩ ልጆች። አብዛኛው ወረቀት የፈረንጅ ሴቶች ሳሙና ይዘው የሚስቁበት ነበር። አንድ ቀን ግን ወንድሜ አንዱን ገጽ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ሲያስተካክለው፣ አንድ ቀጭን ሰው አየር ላይ ተንሳፍፎ በአንድ እርግጫ ሦስት ወጠምሾች ሲጥል አየን። ገጹ በትንንሽ ሥዕሎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ሥዕል ከሌላው እየተያያዘ ታሪክ ይናገራል። ወንድሜ ብዙ ዝም አለ። ዝም ማለት የማያውቅ ልጅ ስለነበር እናቴ አሞት መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው።

ከዚያ ቀን በኋላ አዴ ገና ከጣቢያ ስትመለስ ከበር ጀምራ ትጮሃለች። «ወሪያ! ያ የሚራገጠው ሰውዬህ መጥቷል!» ወሪያ ሱማሊኛ ነው፤ አንተዬ እንደማለት። በሱማሊኛ ጠርታ፣ በአማርኛ ተናግራ፣ በኦሮምኛ ትስቃለች። «ባለሱቁን ‹ብርጭቆው ይሰበር ግድ የለኝም፣ አንተ ብቻ ወረቀቱን ምረጥልኝ› ብዬዋለሁ» ስትለን፣ ስለ ንግዷ የምንጨነቅ አስመስለን በሆዳችን እንፈነድቅ ነበር።

የጀግናው ስም በየገጹ ወይ ተቀዷል ወይ ሽቶ ፈስሶበታል። ስለዚህ «ሰውዬው» ነበር የምንለው። ሰውዬው አንድ ጠባይ አለው፤ ከመደባደቡ በፊት ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የሙስሊሞቹ ልጆች «መስጊድ የለመደ ሰው ነው፣ ወላሂ የእኛ ነው!» አሉ። የክርስቲያኖቹ ልጆች «ቤተ ክርስቲያንም ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው» ብለው ድርቅ አሉ። ሰውዬው አገሩ ቻይና ይሁን ጃፓን አናውቅም፤ እሱም ስለ እኛ ሰምቶ አያውቅም። ክርክሩ ደቻቱ ወረደ። ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣበት በቀር ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዛችን ነው። እዚያ በእርግጫ ተሞካከሩ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም።

ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ምድር ባቡር የጭነት ክፍል ስለሚሠራ ፈረንሳይኛ ያነባል። ከሥራ ሲመለስ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ እግሩ ሥር እንኮለኮላለን። አባቴ ሲተረጉም አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም። የማያውቀው ሲያጋጥመው «ይህቺን አላውቃትም» ብሎ ያልፋል። «በግምት ንገረን» ብለን ስንለምነው «ጭነት በግምት አይላክም» ይለናል። ስለዚህ ጀግናችን እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ነበር የሚናገረው። የጠላቱን አንገት አንቆ «ልጅቷን በአስቸኳይ እንድትለቅ አሳስብሃለሁ» ይላል። እኛ ይህን ስንሰማ ጸጉራችን ይቆማል።

ገጾቹ በቅደም ተከተል አይመጡም። ዛሬ የቆሰለው ሰው በሚቀጥለው ጉዞ ሕፃን ሆኖ ይመጣል። በመሀል የጎደለውን የሚሞላው ወንድሜ ነበር። አሸዋው ላይ ቆሞ፣ በእጁም በእግሩም፣ ላብ እስኪያጠምቀው ይተርክልናል። እኔ አንድ ቅሬታ ነበረኝ። ሰውዬው እንደ እኔ ያለች ታናሽ እህት አለችው። በየገጹ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ አስቀምጣ ትሄዳለች፣ አለቀ። ቤታቸው ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሲራገጥ እሷ ሾርባ ናት! ወንድሜን «አንድ ቀን እንኳ እንድትራገጥ አድርጋት» ብለው «ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አልጨምርም» ይለኛል፤ ግማሹን ከኪሱ እያመጣ! ለዚህ ብዬ ብዙ ጊዜ አኩርፌዋለሁ።

አንድ ቀን የስኳር ዕቃ ተጠቅልሎበት ግማሽ ገጽ መጣ። ሰውዬው ብቻውን ቆሟል፤ አጠገቡ የፊልም ማንሻ መሣሪያ ተሥሏል፤ ከሥሩ ጥቂት ትልልቅ ፊደላት አሉ። አባቴ አነበበው። መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አነበበው።

«‹በቅርቡ በሲኒማ› ይላል» አለ። «ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

ሌላ ነገር ማን ፈለገ! ወንድሜ በረንዳውን ዘሎ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የሕንድ ፊልም የለመዱት ይዘፍናል ወይስ አይዘፍንም ብለው ተጨቃጨቁ። ወንድሜ የሚፈራው ብዙ እንዳያናግሩት ነበር፤ «እሱ ሲናደድ ዝም ነው የሚለው፣ ቢያስለፈልፉት አበቃ» ይላል። በዝናብ ውስጥ የሚደባደብበት ገጽ ደግሞ እንዳይቀር ይጸልያል። አዴ የፈራችው ወፍራም ተዋናይ እንዳይመርጡ ነው። አባቴን ስጠይቀው ትንሽ አስቦ «እኔ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ባየው ደስ ይለኛል» አለ። የእኔን ታውቁታላችሁ። እናቴ ብቻ «ልብ ይስጣችሁ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ወንድሜ የፊልም ማስታወቂያ በሚቀየርበት ቀን ሁሉ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ነው። ለጣፊው ሙጫውን ቀብቶ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ሲዘረጋ፣ መጀመሪያ ጸጉር፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ጢም ይታያል። ጢም ካለው የእኛ ሰውዬ አይደለም። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ፣ ዓመትም ሞላ፣ እሱም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ።

ያኔ ነው ከቀበሌ የመጡት። ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ሥልጠናው ሁርሶ ነው፤ ከእኛ በባቡር ቅርብ ነው። ከሁርሶ በኋላ ወዴት እንደሚላኩ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ወደ ሰሜን። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ወንድሜ «እማዬ፣ ፊልሙንም ጨምሪበት» አላት። «ዝም በል፣ መልአክ ሲኒማ አይገባም» አለችው። ከዚያ እየሳቀ፣ እጁን እንደ ሰውዬው ፊቱ ላይ ገትሮ፣ «አይዞሽ፣ እኔ ይህን ፊልም ሳላይማ አልሞትም» አለ። እናቴ አፉን በመዳፏ ከደነችው። ቀልድ ነበር፤ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ፊልሙ ፊልም መሆኑ ቀረ። እኔም ሲኒማ ቤቱ በር ላይ በእሱ ቦታ መቆም ጀመርኩ።

ሁርሶ ልንጠይቀው ስንሄድ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ጆሮው ትልቅ ሆኖ አገኘነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሰን «መጣ?» አለ። «ገና ነው» አልነው። ከኋላው የቆሙት ምልምሎች ደግሞ «ገና ነው?» ብለው ከእኛ በላይ አዘኑ። ለካ ያ ለፍላፊ ወንድሜ የሰውዬውን ታሪክ እየተረከላቸው ኖሯል። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከወላይታ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ጅቡቲን በስምም የማያውቁ አሉባቸው። ግን ሰውዬው ምን ጊዜ ጫማውን እንደሚያወልቅ ያውቃሉ። ሁሉም ፊልሙን ይጠብቃሉ።

አዴ ይህን ስንነግራት አላስቻላትም። «ወላሂ ይህን ፊልም ሳልይዝ አልመለስም። በሲኒማ ባይሆን በካሴት አመጣዋለሁ» ብላ ጅቡቲ ወረደች። ስትመለስ ከበር አልጮኸችም። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ እኛ ቤት ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሳቀብኝ» አለች። «ባለሱቁ ሳቀብኝ። ‹አዴ፣ ይህ ወረቀት እኮ ስንት ዓመቱ ነው! መጽሔቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፊልሙም አልተሠራም፣ ወሬው ወሬ ሆኖ ቀረ› አለኝ።»

አዴ ጭኗን በመዳፏ መታች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስጠቀልልና ስፈታ የኖርኩ ሴት! ለብርጭቆ መጠቅለያ አዲስ ወረቀት የሚሰጥ ባለሱቅ የት አይቼ ነው? አሮጌ መሆኑን እኔ ነበርኩ ማወቅ የሚገባኝ።»

እውነቷን ነው፤ ግን ማናችን አሰብነው? ወረቀቱ ለእኛ አዲስ ነበር። «በቅርቡ» ያለው ለሌላ አገር ሰዎች፣ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። እኛ ግን ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ሁሉ የዛሬ ይመስለናል። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጫፍ ይወለውል ጀመር፤ መወልወሉን አላቆመም። በመጨረሻ የተናገረችው እናቴ ናት።

«ፊልሙ ካልተሠራ እንግዲህ ልጄ አይሞትም ማለት ነው» አለች። «እሱ ራሱ ነው ያለው።»

ልስቅ አልኩና አቃተኝ። እናቴ የምሯን ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ሁርሶ ስንሄድ አዴም አብራን ሄደች። በዚያ ሳምንት ወደ ሰሜን እንደሚጫኑ ተሰምቷል። ለእሱ ምን እንደምንነግረው በመንገድ ላይ አልተስማማንም። እናቴ እውነቱ ይነገረው አለች። እኔ ዝም እንበል አልኩ። አባቴ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

ግራር ሥር አገኘነው። ጓደኞቹም አብረውት ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ሩቅ ስለሆነ የሚጠይቃቸው የለም፤ የእኛን ጥየቃ እንደ ራሳቸው ነበር የሚጠብቁት። ምግቡን ዘርግተን ገና ሳንቆርስ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጺም ያላበቀለ ልጅ፣ አባቴን ቀና ብሎ አየና «አባባ፣ መጣ?» አለው።

አባቴ ልጁን አየው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየ። ወንድሜን ግን አላየውም።

«መጣ» አለ። «አየነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የሰማሁት ነገር እውነት አልመስል አለኝ። ያ ሰው በሕይወቱ አንዲት ቃል ጨምሮ አያውቅም። አዴ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ተዋናዩ ቀጭን ነው፣ ደግነቱ አልወፈረም» አለች። ወላሂ ሳትል የተናገረችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ በሐሰት አትምልማ!

«ባቡር ጣቢያ ሲገባ ነው የሚጀምረው» ብሎ አባቴ ቀጠለ። ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው ባቡር ነው። ሰውዬው ከባቡር ይወርዳል፤ ማንም አይቀበለውም። ክፉዎቹ መንደሩን ይዘዋል። አባቴ መጀመሪያ እንደ ጭነት ሪፖርት ነበር የሚናገረው፤ ቆይቶ ግን እጆቹ ተነሡ። ዝናቡን አመጣው። ሰውዬው ብዙ እንደማይናገር፣ ሲናደድ ዝም እንደሚል ነገራቸው። ምልምሎቹ መብላት አቁመው አፋቸውን ከፍተዋል። ቀጥሎ ክፉዎቹ ሰውዬውን ከኋላ ሊወጉት ሲሉ እህቱ ሾርባዋን ይዛ ገባች። አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«ሾርባውን በዝግታ መሬት ላይ አስቀመጠች» አለ። «ከዚያ በአንድ እርግጫ ሁለቱን ጣለቻቸው።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ጠየቁኝ፣ አቧራ ነው አልኩ።

«መጨረሻውስ?» አለ ያ ልጅ።

አባቴ ትንፋሽ ወሰደ። «መጨረሻው ላይ ማንንም አይደበድብም። በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል። እናቱ በር ላይ ናት። ቤቱ ይገባል። እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ሁለተኛ ክፍል የለውም?»

«የለውም። ቤቱ ገብቷል፤ ከዚህ በኋላ የትም አይሄድም።»

ፊሽካ ተነፋና ተነሡ። ወንድሜ ሁላችንንም ሳመን። አባቴን ሲስመው ቆየ። ስንመለስ ባቡሩ ላይ አባቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ዛሬ በግምት ላክሁ» አለኝ። እጁን ያዝኩት። እስከ ድሬ አልለቀቅኩትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የወንድሜ ወሬ ጠፋ። ደርግ ወደቀ። በየመንገዱ ወታደሮች፣ እግራቸው በጨርቅ ታስሮ፣ ይመለሱ ጀመር። እናቴ ከበሩ አልነቃነቅ አለች፤ አዴ ጅቡቲ መውረድ ትታ ከጎኗ ተቀመጠች። ወንድሜ የመጣው ተስፋ ቆርጠን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር በቀረንበት ሰሞን ነው። አንድ ጆሮው አይሰማም። ያ ለፍላፊ ልጅ ቃል አይተነፍስም፤ እህል ወደ አፉ አይጠጋም። እናቴ ታቀርባለች፣ እንዳለ ታነሣለች። የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ነበር የሚሆነው። ከመጣስ ወዲያ ይህ ልጅ እንዳይሞትብን ብለን እንደገና መፍራት ጀመርን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ሳህኑ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ድንገት «አባዬ፣ ፊልሙ አልተሠራም አይደል?» አለ።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ፊቱ ላመል እንኳ አልተለወጠም። «አልተሠራም ልጄ» አለ።

«ያኔም አውቄ ነበር። አንተ ስትዋሽ አይተን ስለማናውቅ ፊትህ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እነሱ ግን አላወቁም። እዚያ ሆነን ሲያመሽ ይተርኩት ነበር፤ አንዱ የረሳውን አንዱ እያስታወሰው። ‹አንተ ተርክልን› ይሉኛል፤ አልችልም። ያን ቀን አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ አንተን ነበር የማየው። ከእነሱ ነው የሰማሁት፤ ያውም ቁርጥራጩን። አሁን የሚነግረኝ የለም። ከዚያ ግራር ሥር ከተቀመጡት እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። አንተ ንገረኝ።»

አባቴ ሊጀምር አፉን ከፈተ። «ረሳሁት» አለ። አልረሳውም፤ ሁላችንም አልረሳነውም።

«ባቡር ጣቢያ ሲገባ ነው የሚጀምረው» አለች እናቴ።

ሁላችንም ዞርን። ስለ ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ አንሥታ የማታውቅ ሴት ወንድሜ አጠገብ፣ በሚሰማው ጆሮው በኩል፣ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ባቡሩን፣ ዝናቡን፣ የእህቱን እርግጫ፣ አባቴ የተናገረውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር በቅደም ተከተል ነገረችው። ወንድሜ አንገቱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ ይሰማል፤ እንባው በአገጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ረጅሙ መንገድ ላይ ስትደርስ ቀደማትና ራሱ ጨረሰው።

«ቤቱ ይገባል። እዚያ ላይ ያልቃል።»

«አያልቅም» አለች እናቴ። «አባትህ ሴት አይደለም፣ የቀረውን አላየውም። ከገባ በኋላ እናቱ ታበላዋለች።»

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው። ወንድሜ እጁን ታጠበና ቆረሰ።